በደካማ ሙቀት ከባሕር የሚጠጣ ውኃ ማውጣት

ከሱቅ የተገዛ፣ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ላይተር ወደ ብርሃን አንሥተው ቢወዘውዙት ፈሳሽ ሲንቀሳቀስ ያያሉ። ፈሳሹ በአብዛኛው ቡቴን ነው። ቡቴን ክፍት ዕቃ ውስጥ ቢቀዳ ገና ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል። ላይተሩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ታፍኖ ስለተያዘ ብቻ ነው። መጫኛውን ሲጫኑት አፈናው ይላላና ጋዝ ሆኖ እየተገፋ ይወጣል። እሳቱ ከመያዙ በፊት የሚሰማው ትንሽ «ፍስስ» የግፊት ድምፅ ነው፤ ግፊት ካለ ደግሞ ሥራ ማሠራት ይቻላል።

ያንኑ ቡቴን በጠንካራ የብረት ዕቃ ዘግተን 80 ዲግሪ በሞቀ ውኃ ውስጥ ብናስቀምጠው ግፊቱ 10 ባር ገደማ ይደርሳል፤ የከባድ መኪና ጎማ ከሚሞላበት ይበልጣል። ውኃው ግን ገና አልፈላም። አዲስ አበባ ላይ እንኳ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ለተራ የእንፋሎት ሞተር ይህ ሙቅ ውኃ ምንም አይጠቅመውም፤ ለቡቴን ግን ከበቂ በላይ ነው።

እንዲህ ያለ ሙቀት በዓለም ላይ ሞልቷል። የመርከብና የትልልቅ ጄኔሬተሮች ሞተር የሚቀዘቅዝበት ውኃ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። ከመሬት ሥር የሚቀዳ ፍል ውኃ አለ፣ ጣሪያ ላይ የሚሰቀል የፀሐይ ማሞቂያ አለ፣ ከፋብሪካ የሚተርፍ ሙቀት አለ። ይህን እዚህ ደካማ ሙቀት እንበለው። መጠኑ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ደካማ ያሰኘው ሥራ የማሠራት ዐቅሙ ነው። ብዙ ደረቅ የባሕር ዳርቻዎች ይህ ሙቀት በደጃቸው እያለ የሚጠጣ ውኃ የላቸውም። ሙቀቱ የባሕሩን ውኃ ለመጠጥ ሊያበቃው ይችላል ወይ ቢባል መልሱ ይችላል ነው። በየትኛው መንገድ ሲባል ግን መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው አይደለም።

የተገለበጠ ፍሪጅ

ደካማ ሙቀትን ወደ ጉልበት የሚለውጠው ማሽን ኦርጋኒክ ራንኪን ዑደት ይባላል። ዊልያም ራንኪን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ሞተርን ሳይንስ በመጽሐፍ ያደራጀ የስኮትላንድ መሐንዲስ ነው። «ኦርጋኒክ» የተባለው ደግሞ በውኃ ፈንታ የካርቦን ውሕድ የሆነ ፈሳሽ ስለሚፈላበት ነው፦ ቡቴን፣ ፔንቴን ወይም ፍሪጅ ውስጥ የሚሞላው ዓይነት ጋዝ።

አሠራሩን ለመረዳት ፍሪጅን ማሰብ ይበቃል። ፍሪጅ ኤሌክትሪክ እየበላ በኮምፕረሰር ጋዝ ያምቃል፤ በዚህም ሙቀትን ከውስጥ ወደ ውጭ ያወጣል። ከጀርባው ያለው ጥልፍልፍ ቧንቧ የሚሞቀው ለዚህ ነው። አሁን ይህን እንገልብጠው። ሙቀቱን እኛ እንስጠው፣ ጋዙ ይስፋ፣ እየሰፋም ኮምፕረሰሩን ወደ ኋላ ያዙረው። ኤሌክትሪክ ይበላ የነበረው ዕቃ ጉልበት ሰጪ ይሆናል። በተግባር ፈሳሹ በትንሽ ፓምፕ ተገፍቶ ሙቁ ውኃ በሚያሞቀው ክፍል ውስጥ ይፈላል፤ የታመቀው ጋዝ ተርባይን ያዞራል፤ ግፊቱ ያለቀበት ጋዝ በቀዝቃዛ ውኃ ይበርድና ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ፓምፑም መልሶ ይገፋዋል። መንገዱ ዝግ ስለሆነ ያው ፈሳሽ ለዓመታት ይዞራል።

ፍሪጅ መገልበጥ የተባለው ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም። አላስካ ውስጥ ቼና በሚባል የፍል ውኃ መዝናኛ በ2006 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከትልልቅ ሕንፃዎች ማቀዝቀዣ ማሽን ክፍሎች የተገጣጠሙ ሁለት ማመንጫዎች ተተከሉ። እያንዳንዳቸው 200 ኪሎዋት ይሰጣሉ። የሚመጣላቸው ውኃ 74 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ሻይ ለማፍላት አይበቃም፣ የአንድ መንደር መብራት ግን ያበራል።

በአገራችንም የዚህ ቤተሰብ ማሽን አለ። ከላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ፣ አሉቶ ላይ በ1998 የተተከለው የከርሰ ምድር እንፋሎት ማመንጫ ከጉድጓዱ የሚወጣውን ሙቀት ተቀብሎ ሌላ ፈሳሽ የሚያፈላ የኦርጋኒክ ራንኪን ክፍል ነበረው። የተጣራ ዐቅሙ 7.3 ሜጋዋት ነበር። በብልሽት ለረጅም ጊዜ የቆመባቸው ዓመታት ቢኖሩም ዘዴው በኢትዮጵያ ምድር ከሩብ ምዕተ ዓመት በፊት ተሞክሯል።

ተፈጥሮ ግን ለዚህ ሁሉ ጣሪያ አበጅታለታለች። ጣሪያውን በ1824 ያሳየው ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ ነው። ከሙቀት የሚገኘው ሥራ የሚወሰነው ሙቁ ነገር ከቀዝቃዛው ምን ያህል በመራቁ ነው። 90 ዲግሪ ሙቅ ውኃና 30 ዲግሪ የባሕር ውኃ ካለን፣ ቅንጣት የማያባክን ማሽን እንኳ ከሙቀቱ ወደ ሥራ የሚለውጠው 16 ከመቶ ገደማ ነው። እውነተኛ ማሽን የዚህን ግማሽ ያህል ያገኛል። ቼና ላይም የተገኘው 8 ከመቶ አካባቢ ነው። ቀሪው 92 ከመቶ ከቀዝቃዛው ውኃ ጋር ይሄዳል።

ይህን ቁጥር የሰማ ሰው ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም። ከመቶ 92 የሚጥል ማሽን ምን ይረባል? ሙቀቱን በቀጥታ ለባሕሩ ውኃ ሰጥቶ እንፋሎቱን ማጠራቀም አይሻልም? መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መልስ ይህ ነው። የት ላይ እንደሚሳሳት ለማየት ባሕር ውኃን ከጨው የሚለዩትን ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

ማፍላት ወይስ መግፋት

አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው የመጀመሪያውን መንገድ ያውቀዋል። ድፍድፉ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በመቃ ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። በድፍድፉ ፈንታ የባሕር ውኃ ቢሆን ጨው ከታች ይቀራል፣ የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውኃ ነው። ዘዴው ጥንታዊ ነው፣ እንከንም የለውም። ችግሩ ማገዶው ነው። 1 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 5 በርሜል ውኃ፣ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ከ600 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ያስፈልጋል። ምንም ሳይባክን ቢነድ እንኳ 80 ኪሎ ገደማ ከሰል ነው።

ፋብሪካዎች ይህን ያቃለሉት እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ ሲሆን የሚተወውን ሙቀት ደግመው ደጋግመው በመጠቀም ነው። ደጋ ላይ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት እንደሚፈላና ባቄላ ለመብሰል እንደሚዘገይ እናውቃለን፤ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ነው። አየር እየተመጠጠላቸው ግፊታቸው ደረጃ በደረጃ የሚወርድ ክፍሎች ቢደረደሩ፣ የመጀመሪያው ክፍል እንፋሎት ሁለተኛውን ያፈላል፣ የሁለተኛው ሦስተኛውን፣ እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ክፍል 70 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል፣ የመጨረሻው ደግሞ 40 ዲግሪ አካባቢ። ከ70 በላይ ማሞቅ ብዙ ጊዜ አይፈለግም፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ቧንቧዎቹን ይደፍናቸዋልና። እንዲህ ያለ ባለ ብዙ እርከን ፋብሪካ ለ1 ሜትር ኩብ ከ60 እስከ 80 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይበቃዋል። ለፓምፖቹ በተጨማሪ 1.5 ወይም 2 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠሩ ወገኖቻችን የጠጡት፣ ያበሰሉበትና ልብስ ያጠቡበት ውኃ ለብዙ ዘመን በዚህ ወይም በተቀራራቢ የማፍላት ዘዴ የወጣ ነው። የዱባይ ጀበል ዓሊን የመሰሉ ግዙፍ ማመንጫዎች ኤሌክትሪክ ካመነጩበት እንፋሎት ቀንሰው ባሕር ያፈላሉ። ጅዳ ውስጥ የቀድሞው ማጣሪያ «ከንዳሳ» ይባል ነበር፤ ኮንደንሰር የሚለው የፈረንጅ ቃል በዐረብኛ አፍ ተለውጦ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ምንም አያፈላም። የባሕሩን ውኃ በኃይል ወደ ስስ ሜምብሬን ይገፋል፤ ውኃው ያልፋል፣ ጨዉ ይመለሳል። ለዚህ የሚሆን ሜምብሬን በ1950ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ የሠሩት ሲድኒ ሎብና ስሪኒቫሳ ሱሪራጃን ናቸው። ጨው ውኃን ወደ ራሱ ይስባል፤ የባሕር ውኃ የሚስብበት ጉልበት 27 ባር ያህል ነው። ያንን ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፣ ውኃው በበቂ ፍጥነት እንዲያልፍ 60 ባርና ከዚያ በላይ መግፋት ይጠይቃል። ከባሕር ወለል 600 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ግፊት ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ዛሬ ጥሩ ፋብሪካ ለ1 ሜትር ኩብ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ይፈጃል። አሽቀሎን የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን በ2005 የተከፈተውን የከተማቸውን ትልቅ የሜምብሬን ፋብሪካ ያውቁታል። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም አዲሶቹን ፋብሪካዎቻቸውን በአብዛኛው ወደዚህ ዘዴ አዙረዋል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። ከ90 ዲግሪ ውኃ የተገኘ 70 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት አለን እንበል። ለማፍያው ፋብሪካ ብንሰጠው 1 ሜትር ኩብ ውኃ እናገኛለን፤ የፓምፖቹን ኤሌክትሪክ ደግሞ ከሌላ ቦታ እናመጣለን። ለኦርጋኒክ ራንኪን ማሽን ብንሰጠው 92 ከመቶውን ጥሎ 5.6 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ያወጣል። ሜምብሬኑ ለ1 ሜትር ኩብ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ 1.6 ሜትር ኩብ ውኃ ይወጣል፣ የውጭ ኤሌክትሪክም አያስፈልግም። አባካኝ የመሰለው መንገድ ከቀጥታው መንገድ ከግማሽ በላይ ብልጫ አለው!

ይህ ውጤት እኔን እስካሁን ይደንቀኛል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ጨውን ከባሕር ውኃ ለመለየት ተፈጥሮ የምትጠይቀው ዝቅተኛ ዋጋ ለ1 ሜትር ኩብ 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሜምብሬን የዚህን ሦስት ወይም አራት እጥፍ ይከፍላል። ማፍላት ግን እያንዳንዱን ጠብታ ከፈሳሽነት ወደ እንፋሎትነት አንሥቶ እንደገና ያወርዳል፤ ጨው ለመለየት ሳይሆን ውኃን ለማንሣት የሚወጣ ወጪ ነው። ሙቀቱ ደካማ በሆነ ቁጥር ግን የራንኪን ማሽን ድርሻ ይቀንሳል። ሙቁ ውኃ 70 ዲግሪ ብቻ ሲሆንና ማሽኑ 5 ከመቶ ብቻ ሲያወጣ ሁለቱ መንገዶች እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በታች ማፍላት ያሸንፋል። የግሪኳ ትንሽ ደሴት ኪሞሎስ 60 ዲግሪ አካባቢ የሆነ የከርሰ ምድር ውኃ ስታገኝ በቀን 80 ሜትር ኩብ ገደማ የሚያወጣ ማፍያ መትከሏ ትክክል ነበር።

የመርከብ መሐንዲሶችም ከድሮ ጀምሮ ማፍላትን መርጠዋል። በአብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውኃ አየሩ በተመጠጠ ጋን ውስጥ የባሕር ውኃ ያፈላል፣ ባሕረኞቹም ያንን ይጠጣሉ። እዚያ ሙቀቱ ነጻ ነው፣ የሚፈለገው ውኃ ጥቂት ነው፣ ማሽኑ ደግሞ ቀላልና የማይሰበር መሆን አለበት። ከሂሳቡ በላይ የሚናገር ነገር አንዳንዴ አለ።

የሜምብሬኑ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ያለ አንድ ዕቃ አይሳካም። ወደ ሜምብሬኑ ከሚገፋው 100 ሊትር ውስጥ የሚያልፈው 40 ሊትር ያህል ነው። ቀሪው 60 ሊትር ጨው የበዛበት ውኃ ሆኖ ይወጣል፣ ግን ግፊቱ ገና አለ። ይህን በቀጥታ ወደ ባሕር መልቀቅ ከተከፈለው ጉልበት ከግማሽ በላይ መድፋት ነው። ግፊት መላሽ ዕቃ የሚባለው የወጪውን ውኃ ግፊት ተቀብሎ ለገቢው ያስተላልፋል፤ ጥሩዎቹ ከ95 ከመቶ በላይ ይመልሳሉ። ትንንሽ ማጣሪያዎች ብዙ ጊዜ ይህ ዕቃ የላቸውም፤ ስለዚህ ለ1 ሜትር ኩብ 8 ኪሎዋት ሰዓት ሊፈጁ ይችላሉ። ያኔ ከላይ የሠራነው ሂሳብ ይገለበጣል። ደካማ ሙቀትን ከሜምብሬን ጋር ለማጣመር የሚያስብ ሰው ከተርባይኑ በፊት ስለዚህ ዕቃ መጠየቅ አለበት።

ባሕሩ ሁለት ጊዜ ያገለግላል

ሁለቱን ማሽኖች ባሕር ዳር አንድ ላይ ማድረግ ሌላ ጥቅም አለው። የራንኪን ማሽን ጋዙን የሚያበርድበት ቀዝቃዛ ውኃ ይፈልጋል፤ ባሕሩ ያንን ይሰጣል። ጋዙን ያበረደው የባሕር ውኃ በጥቂት ዲግሪ ሞቆ ይወጣል። ሞቅ ያለ ውኃ ደግሞ በሜምብሬን ውስጥ ይበልጥ በቀላሉ ያልፋል፤ በአንድ ዲግሪ 2 ወይም 3 ከመቶ ያህል ፍሰቱ ይጨምራል። ስለዚህ ማሽኑ ከጣለው ሙቀት ጥቂቱ ተመልሶ ይጠቅማል። ልክ ግን አለው፤ ሲሞቅ በሜምብሬኑ የሚሾልከው ጨውም ይጨምራል፣ አብዛኞቹ ሜምብሬኖችም ከ45 ዲግሪ በላይ አይችሉም።

ቀይ ባሕር ላይ ይህ ጥቅም ይጠብባል። የበጋው ውኃ ራሱ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ስለሚሞቅ ማሽኑን በደንብ አያበርድለትም። ጨዉም ከተራ ውቅያኖስ ይበልጣል፤ በሊትር 35 ግራም በመሆን ፈንታ ወደ 40 ግራም ይጠጋል፣ ስለዚህ የበለጠ መግፋት ይጠይቃል። አላስካ ላይ 74 ዲግሪ ውኃ በቂ የሆነው ማቀዝቀዣው ውኃ 4 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ነው። ያንኑ ማሽን ሳይለውጡ ወደ ቀይ ባሕር ማምጣት አይቻልም።

ፀሐይ ያታለለችው ተስፋ

የዚህ ሐሳብ ታሪክ በአብዛኛው የፀሐይ ታሪክ ነው። በእስራኤል ሃሪ ታቦርና ሉሲየን ብሮኒኪ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በፀሐይ ሙቀት የምትሠራ ትንሽ የኦርጋኒክ ራንኪን ተርባይን ሠሩ፤ በ1961 ሮም ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ሥራቸውን አቀረቡ። ብሮኒኪና ባለቤቱ ዲታ በ1965 ኦርማትን መሠረቱ፤ አሉቶ ላይ የተተከለው ማሽን የዚህ ኩባንያ ነው። ታቦር ደግሞ ሙቀት የሚያስቀምጥ የጨው ኩሬ ሐሳብን ገፋበት። ኩሬው ከታች በጣም ጨዋማ፣ ከላይ ቀለል ያለ ውኃ አለው። ከታች ያለው ሲሞቅ በጨው ስለከበደ ወደ ላይ አይነሣም፣ ሙቀቱንም ይዞ ይቀራል። ሙት ባሕር አጠገብ ዔን ቦቄቅ ላይ በ1979 በእንዲህ ያለ ኩሬ 150 ኪሎዋት የሚሰጥ ማሽን ተሠራ፤ በ1984 ቤት ሃዓራቫ ላይ 5 ሜጋዋት። በቴክሳስ ኤል ፓሶ የነበረው የጨው ኩሬ ደግሞ በ1986 ኤሌክትሪክ አመነጨ፣ በ1987 ውኃ ማጣራት ጀመረ።

ሙቀትን ወደ ጉልበት፣ ጉልበትን ወደ ሜምብሬን የማገናኘቱ ሙከራም በዚያው ዘመን ተጀመረ፦ በ1978 በፈረንሳይ ካዳራሽ፣ በ1981 በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ ኤል ሐምራዌን። ሁለቱም የሞከሩት ከባሕር ውኃ ይልቅ ጨዉ አነስተኛ የሆነ የጉድጓድ ውኃ ላይ ነው። በ2000ዎቹ የአቴንስ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጣሪያ ማሞቂያ ዓይነት የመስታወት ቱቦዎች ውኃ እስከ 75 ዲግሪ ገደማ አሙቀው፣ የፍሪጅ ጋዝ አፍልተው፣ የሚዞረውን ዘንግ በቀጥታ ከሜምብሬኑ ፓምፕ ጋር አገናኙት። ጄኔሬተር አልነበረም፣ ባትሪም አልነበረም። ደመና ሲመጣ ፓምፑ ይዘገያል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይፈጥናል። መካኒክ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚያምር ማሽን መገመት ይከብዳል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት ለግሪኳ ቲራሲያ ደሴት ሂሳቡን በሐቀኝነት ሠሩት። በፀሐይ ሙቀትና በራንኪን ማሽን የሚወጣው ውኃ ለ1 ሜትር ኩብ 12.53 ዩሮ ሲያስወጣ፣ በተራ የሶላር ፓኔልና በኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚወጣው 7.77 ዩሮ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሶላር ፓኔል ዋጋ እጅግ ወርዷል። ፓኔል ከሚያርፍበት ብርሃን 20 ከመቶውን በቀጥታ ኤሌክትሪክ ያደርጋል፤ የሚዞር ነገር የለውም፣ የሚሾልክ ጋዝ የለውም። ስለዚህ ፍርዴን በግልጽ ልናገር፦ ሙቀቱን ከፀሐይ ለመሰብሰብ ማሞቂያ መግዛት ካለብን፣ ዛሬ ለዚህ ሥራ ራንኪንን መምረጥ የለብንም። የራንኪን ቦታ ሙቀቱ ያለ ዋጋ በደጅ የሚገኝበት፣ ቀንም ሌሊትም የማይቋረጥበት ነው።

ሙቀቱ ነጻ ቢሆንም ማሽኑ ነጻ አይደለም። 100 ኪሎዋት ጉልበት ለማግኘት በ8 ከመቶ ስሌት 1,250 ኪሎዋት ሙቀት ማስገባት፣ 1,150 ደግሞ ማስወጣት ያስፈልጋል። የሙቀቱ ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ሙቀት የሚያስተላልፉት ብረቶች ሰፋፊ መሆን አለባቸው፤ ከማሽኑ ዋጋ ብዙው የሚሄደው እዚህ ላይ ነው። በባሕር በኩል ያሉት ደግሞ ጨው የማይበላው ቲታኒየም ወይም ተመሳሳይ ብረት ይፈልጋሉ።

የፈሳሹ ምርጫም ቀላል አይደለም። የድሮዎቹ ማሽኖች የተጠቀሙባቸው አንዳንድ ጋዞች የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዱ በ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ታገዱ። የተተኳቸው ጋዞች ኦዞንን ባይነኩም ምድርን ያሞቃሉ፤ አቴንስ ላይ የተሠራበት አር 134ኤ የሚባለው በክብደት ሲመዘን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 እጥፍ በላይ የማሞቅ ኃይል አለው። በ2016 ኪጋሊ ላይ የተደረሰው ስምምነት እነዚህንም ደረጃ በደረጃ እንዲቀንሱ ወስኗል። ቡቴንና ፔንቴን ከዚህ ችግር ነጻ ናቸው፣ ግን ይቃጠላሉ። በደንብ በተሠራ ጣቢያ አደጋውን መቆጣጠር ይቻላል፤ የጋዝ ሲሊንደር በየወጥ ቤቱ የምናስቀምጥ ሰዎች ለዚህ ባዳ አይደለንም።

ከአዳል ምድር ጫፍ

ይህን ሁሉ ስጽፍ ዐይኔ ላይ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ጅቡቲ። ስምጥ ሸለቆው ከባሕር ጋር የሚገናኝበት፣ የምድር ሙቀትና የጨው ውኃ ጎን ለጎን የሚገኙበት አገር ነው። አሳል ሐይቅ ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በአጠገቡ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተቆፈሩ ጉድጓዶች ከ250 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት አግኝተዋል። የወጣው ውኃ ግን ከባሕር ውኃ ሦስት እጥፍ የሚበልጥ ጨው ያለበት ነው፤ ቧንቧውን በቅርፊት ይደፍናል። ሙቀቱ እያለ አስቸጋሪ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከእንዲህ ያለ ውኃ ሙቀቱን ብቻ ተቀብሎ ውኃውን ወደ መሬት የሚመልስ ዝግ ማሽን ተርባይኑን ከጨው ያድናል፤ ሙቀት ማስተላለፊያውን ማጽዳት ግን አይቀርም።

ጅቡቲ በ2021 ዶራሌ ላይ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የሚያወጣ የሜምብሬን ፋብሪካ ከፍታለች። ለ1 ሜትር ኩብ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ብንቆጥር 3.3 ሜጋዋት ያህል ሳያቋርጥ ይፈልጋል ማለት ነው። ጅቡቲ ከምትጠቀምበት ኤሌክትሪክ ትልቁ ክፍል ከ2011 ጀምሮ በመስመር ከኢትዮጵያ የሚሄድ ነው። የደጋው ወንዝ ያዞረው ተርባይን፣ ቆላ ወርዶ የባሕር ውኃ ወደ ሜምብሬን እየገፋ ነው። በቀጥታም ውኃ እንልካለን፤ ከሽኒሌ አካባቢ ከሐዳጋላ የተዘረጋው ቧንቧ ከ2017 ጀምሮ የከርሰ ምድር ውኃ ወደዚያ ይወስዳል። ሁለቱም የጉርብትና ሥራዎች ናቸው። የከርሰ ምድር ውኃው ግን የኛም አርብቶ አደር የሚፈልገው ነው፤ ባሕር ዳር ያለ ሰው ከባሕር መጠጣት ቢችል ለሁለቱም ወገን ይሻላል።

ከዋና ከተማው ማዶ፣ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን ኦቦክ አለች። ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆቻችን ጀልባ የሚጠብቁባት፣ ብዙዎችም በውኃ ጥም የተሠቃዩባት የባሕር ዳርቻ ናት። በዚያው ዳርቻ ፍል ውኃ ይፈልቃል። ጉድጓድ ተቆፍሮ በሰከንድ 20 ሊትር 85 ዲግሪ ውኃ ቢገኝ፣ ማሽኑ ሙቀቱን ወስዶ በ65 ዲግሪ ወደ መሬት ቢመልሰው፣ የሚገባው ሙቀት 1,670 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል። የራሱን ፓምፖች ጉልበት ቀንሰን 6 ከመቶ ብቻ ብንቆጥርለት 100 ኪሎዋት ይተርፋል፤ ቀንም ሌሊትም፣ ነዳጅ ሳይመጣለት። ለ1 ሜትር ኩብ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሰጥተን ብናሰላ በቀን 600 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢሰጥ 30,000 ሰው ያዳርሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ በእግር ተጉዘው ጎህ ሲቀድ የሚደርሱትንም ጨምሮ።